ሰርኬን ጠይቋት

እትዬ ሰርካዲስ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ዳውንታውን በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ላይ፣ ቲኬት በሚቆረጥባት አንዲት የመስታወት ቡዝ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል። ክሊንተንቪል ሰፈር የራሳቸው ቤት አላቸው። አላገቡም፣ አልወለዱም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ሰኞ ቡዙን ይከፍታሉ። ኮለምበስ ውስጥ ስለ እሳቸው ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እኔም ያወቅሁት በገዛ ቅሌቴ ነው።

እዚያ ማቆሚያ፣ ጋራዥ በሚሉት፣ የተቀጠርኩት በ2019 መጨረሻ ላይ ነው። ሥራዬ ፎቆቹን መዞር፣ የተበላሸ መብራት ማስመዝገብ፣ መኪናው የጠፋበትን ሰው ከመኪናው ጋር ማገናኘት ነው። የመጀመሪያ ቀን ቡዛቸው አጠገብ ቆሜ ስማቸውን ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።

«ስምህ ማነው?»

«ጣሰው።»

«ከነአባትህ።»

«ጣሰው ወልደየሱስ።»

«ወላጆችህ ያወጡልህ ነው የፔፐሩ?»

ክው አልኩ። ስሜስ የራሴ ነው፤ የፔፐር፣ የወረቀት ብቻ፣ የሆነው ትዳሬ ነበር። ዲቪ የደረሳት ሐምራዊት የምትባል ልጅ ናት፤ እኔ ባሏ ተብዬ ነው የተጻፍኩት። በተዋስኩት ሱፍ ሠርግ መሳይ ፎቶ ተነሳን፤ ኤምባሲ ገብተን የማናውቀውን ፍቅር ተረክን፤ አሜሪካ በገባን በሦስተኛው ቀን እሷ ሲያትል ወዳለው እውነተኛ ፍቅረኛዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፖስታ ሲመጣ ሳልከፍተው ቀናት አሳድረዋለሁ። ይህንን ሁሉ ለእትዬ ሰርካዲስ በሁለተኛው ሳምንት ዘከዘክሁላቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ እሳቸው ሲጠይቁ ሰው መዋሸት ያቅተዋል። አልሳቁብኝም፣ አልመከሩኝም። «ስምህን ይዘህ መግባትህ ትልቅ ነገር ነው» ብቻ አሉኝ።

ስም ላይ እንዲህ ነበሩ። ቲኬት የጠፋበት ሰው ፎርም ሲሞላ፣ የጻፈውን ስም ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ «ትክክል ነው? ያንተ ነው?» ይሉታል። ፈረንጆቹ ይስቃሉ። እኔም የሥራ ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

ማርች 2020 ከተማው ተዘጋ። በዙሪያችን ያሉት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት ሰደዱ፤ ስድስት መቶ መኪና የሚይዘው ጋራዥ በቀን አሥር አሥራ ሁለት መኪና ይገባበት ጀመር። እኛ ግን ኢሴንሻል ናችሁ፣ ሥራችሁ አይቋረጥም ተብለን ቀረን። ባዶ ጋራዥ ክፉ ነገር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ታች ድረስ ይሰማል። ያልተከፈተ በር ሲዘጋ ትሰማለህ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስዞር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ ስቆም ቆመ፣ ስሄድ ሄደ፤ ዞር ብል ማንም የለም። ወርጄ ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ስሙን አትጠይቀውም ነበር?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሱሱ የያዘኝ ያኔ ነው። ሥራ በሌለበት ሰዓት ስልኬን ይዤ ደረጃ ላይ እቀመጥና የተዘጉ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ቪዲዮ አያለሁ። አሜሪካኖች አንድ የማይገባኝ ጠባይ አላቸው። አእምሮው የታወከ ሰው መንገድ ላይ ሲያዩ ወደ ማዶ ይሻገራሉ፤ ያው ሰው ተዘግቶበት የኖረው ሕንፃ ባዶ ሲቀር ደግሞ በመስኮት ሾልከው ይገባሉ። ካሜራ ይይዛሉ፣ ባትሪ ይይዛሉ፣ የሙታን መንፈስ ሲቀርብ ይበራል የሚሉት መሣሪያ ይይዛሉ። የዛገ አልጋ ያሳዩሃል፤ የቆዳ ማሰሪያው የተንጠለጠለ ወንበር ያሳዩሃል፤ መሬት ላይ የቀረ አንድ እግር ጫማ ያሳዩሃል። ሚሊዮን ሰው ያየዋል። እኔም ከሚሊዮኑ አንዱ ስለነበርኩ ብዙ አልፈርድባቸውም። ትንሽ ግን እፈርዳለሁ።

ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ሁለት የአፐር አርሊንግተን ሰፈር ወጣቶች አዲስ ቪዲዮ አወጡ። ከኮለምበስ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የተዘጋ ቀይ ጡብ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛ ፎቅ ወጡ፤ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ገቡ። የግድግዳው አረንጓዴ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ ወድቋል፤ ከሥሩ ያለው የድሮ ልስን ላይ በሚስማር ይሁን በማንኪያ እጀታ የተጫረ ጽሑፍ ብቅ ብሏል። ልጆቹ ጮኹ። ከቪዲዮው ሥር አስተያየት የሚሰጠው ሕዝብም ተንጫጫ። አንዱ የባቢሎን ጽሑፍ ነው አለ። ሌላው የሰይጣን ፊደል ነውና ጮክ ብላችሁ እንዳታነቡት ብሎ አስጠነቀቀ። ስልኬን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። አማርኛ ነው።

«አንድርያስ ነኝ። ሰርኬን ጠይቋት።»

ሌላ የለም። እነዚሁ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት ጀምሮ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር። መቶ ጊዜ ይሆናል፣ ሁለት መቶም ይሆናል።

ሳቄ መጣ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወረድኩ። እትዬ ሰርካዲስ የቡዙን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ ነበር።

«እትዬ፣ ጉድ ይዩ! የፈረንጅ ሰይጣን አማርኛ ይችላል! እርስዎን ነው የሚጠራው!» አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባዶው ጋራዥ ተቀብሎ መለሰው። «ጠይቋት… ቋት… ቋት» አለ ከላይ።

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆመ።

«እንደገና አንብበው» አሉ።

አነበብኩት፤ አሁን ሳልስቅ። ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምስሉን ወደ ዓይናቸው አቀረቡትና ረጅም ጊዜ አዩት።

«የእጁ ጽሑፍ ነው» አሉ። «አንድ ቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው። የእሱ እጅ ነው።»

ስልኬን መለሱልኝ፤ ጃኬታቸውን ለበሱ፤ ቡዙን ቆልፈው በአራት ሰዓት ከሩብ ከሥራ ወጡ። ለማንም አልተናገሩም። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ቀርተው የማያውቁ ሴት ሁለት ቀን ቀሩ። በሁለቱ ቀናት ያንን ቪዲዮ ደግሜ ልከፍተው አልቻልኩም። ፊደሉን ማንበቤ ራሱ ጥፋት መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። በምሳ ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ግባ አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዋን የቆመችው ኮሮላቸው ውስጥ ተቀመጥን፤ አንድርያስ ማነው ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው መሪውን እንደያዙ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሲሚንቶ እያዩ ነገሩኝ።

አንድርያስ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በደርግ ጊዜ ሁለቱ ከጎንደር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን ገቡ። ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ ድንኳን የተጋራቸው አምሳሉ ደስታ የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር። የአምሳሉ የአሜሪካ ኬዝ፣ የስደተኛ ጉዳዩ፣ አልቋል፤ የቀረው የበረራ ቀን ብቻ ነው። ወባ በሁለት ቀን ገደለው። ቀበሩት። ያኔ የካምፑ ሰው አንድርያስን ከበበው፤ ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ቁመታችሁ አንድ ነው፣ ወንበሩ ባዶውን አይብረር አሉት። እሺ አለ። እትዬ ሰርካዲስ በራሳቸው ስም የራሳቸው ኬዝ ነበራቸው። ኮለምበስ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ተቀበላቸው፤ ወረቀት ላይ ግን ሥጋ ለሥጋ የማይገናኙ ሁለት ባዳዎች ናቸው።

«ሰባት ወር ደህና ኖርን» አሉ እትዬ። «ከዚያ ደብዳቤ መጣ።»

ደብዳቤው የመጣው ከአምሳሉ እናት ነው። የተሳፋሪዎቹን ስም ያየ ሰው ልጅሽ አሜሪካ ገባ ብሎ አብሥሯቸዋል። «ልጄ አምሳሉ፣ በሕይወት መኖርህን ሰማሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» ይላል።

አንድርያስ ከዚያ ቀን በኋላ አልተኛም። አምሳሉ አልጋዬ ግርጌ ይቀመጣል ይል ጀመር። አያናግረኝም፣ አይነካኝም፣ ስሜን መልስልኝ እንደሚል ሰው እጁን ዘርግቶ ያየኛል ይላል። አንድ የክረምት ጠዋት ሃይ ስትሪት የሚባለው መንገድ ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ያዘ። አምሳሉ ደስታ አይደለሁም፤ አምሳሉ ሞቷል፤ እኔ አንድርያስ ነኝ እያለ በሰባራ እንግሊዝኛ ይጮሃል። ፖሊስ መጣ። ወደዚያ ቀይ ሕንፃ ወሰዱት።

«አስተርጓሚ አልነበረም፤ እኔን ጠሩኝ» አሉ። «ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ቀስ እያለ፣ ድምፁን ዝቅ እያደረገ ነው የሚያወራው። ‹ይህ ሰው አምሳሉ አይደለሁም ይላል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስሙ ማነው?› አለኝ። አንድርያስ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ‹ንገሪው ሰርኬ› አለኝ በአማርኛ። ፈራሁ ጣሰው። ሁለታችንንም ሰብስበው ለደርግ የሚሰጡን መሰለኝ። ‹አምሳሉ ነው› አልኩት።»

ጋራዡ ውስጥ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ሐኪሙ ጻፈው። የገዛ ስሙን መካዱ በሽታው ነው አለኝ፤ ስሙን የተቀበለ ቀን ድኗል ማለት ነው፣ ወደ ቤት ይሄዳል አለኝ። ወንድሜ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ሕመሙ ጠና ተባለ።»

በየእሁዱ አውቶብስ ይዘው፣ ቀሪውን በእግራቸው እየሄዱ ይጠይቁት ነበር። እሱ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። «ነገርሻቸው?» ብቻ ይላል። «በሚመጣው እሁድ» ይላሉ። የጠያቂዎች መዝገብ ላይ ዝምድና የሚል ቦታ አለ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ጓደኛ ብለው ይጽፋሉ። አንድ እሁድ አንድርያስ ከኋላቸው ቆሞ ሲጽፉ አያቸው። «ጓደኛዬ፣ ከእንግዲህ አትድከሚ» አላቸውና ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። በአራተኛው ዓመት አምሳሉ ደስታ በሳንባ ምች መሞቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ተነገረ። ዘመድ የለውም ተብሎ ሆስፒታሉ ከኋላው ካለው ሜዳ ላይ ቀበረው፤ መቃብሩ ላይ ቁጥር ብቻ ያለበት ድንጋይ ተቀመጠ። ለእናታቸው ደግሞ አንድርያስ ሱዳን በረሃ ላይ ቀረ ብለው ጻፉላቸው። አንድርያስ ሁለት ጊዜ ሞተ፤ አምሳሉ አንድ ጊዜም አልተለቀሰለትም።

«ቁጥሩን አያውቁትም?» አልኳቸው።

«የሚነግሩት ለዘመድ ብቻ ነው። ፋይሉ ያለው እዚህ ሁለት ብሎክ አልፎ፣ የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። ሠራተኞቹ እዚህ ነው የሚያቆሙት። ሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ጉድ ሞርኒንግ ስላቸው ኖርኩ።»

ያቺን ቡዝ ለምን እንደመረጡ ያኔ ገባኝ። ሳቄን፣ የፈረንጅ ሰይጣን ማለቴን አስታውሼ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር። ወንድማቸው የሌላ ሰው ስም ደርቦ ነው የተኛው፤ መቃብሩን አግኝተው፣ በእውነተኛ ስሙ ተጠርቶ ፍትሐት እንዲደረስለት ይፈልጋሉ። እስከዚያ ቀን ያልደፈሩት ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ጥያቄ በሚጠይቅ የመንግሥት ሰው ፊት ቆሞ ወንድሜ ነው ማለት። ግድግዳውን ካዩ በኋላ ለመድፈር ስምንት ወር ፈጀባቸው። የገፋቸው ዜና ነው፤ ሕንፃው በ2022 ጸደይ ላይ ሊፈርስ ነው ተባለ። እስከዚያ ድረስ ባለቤቱ መናፍስት ማየት የሚሻ ጎብኚ በየእሁዱ እያስከፈለ ያስገባል።

ኦክቶበር ላይ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወሰድኳቸው። ፀሐይ ነበር፤ የሜዳው ዛፍ ሁሉ ቀልቷል። አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች ነን። አስጎብኚያችን የድሮ ነርስ ልብስ ለብሳ ደረቷ ላይ ቀይ ቀለም የረጨች ሴት ናት። ሰዎቹ እየተሳሳቁ፣ ፎቶ እየተነሱ ይከተሏታል። እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፤ አንዲት ሴት አይታ ለትርኢቱ የለበሱት መስሏት «ኮስትዩምዎ ያምራል» አለቻቸው። «ታንኪው» አሉ።

ውስጡ ቪዲዮው ላይ እንደሚታየው አይደለም። ቪዲዮው ሽታውን አይሰጥህም። እርጥብ ልስን፣ አሮጌ መድኃኒት፣ ከሥሩ ደግሞ የሰው ነገር፣ ያልታጠበ ትራስ የመሰለ ሽታ አለ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ የበሮቹ መቆለፊያ ሁሉ በውጭ በኩል ነው። እትዬ መንገዱን ያውቁታል። አስጎብኚዋ ወደ ግራ ከመጠምዘዟ በፊት እሳቸው ወደ ግራ ዞረዋል።

የመጨረሻዋ ክፍል በር ላይ ቆመን አስጎብኚዋ ድምፅዋን አጎረነነች። እዚህ ስም የለሹ ሰው ይኖር ነበር አለች። ስሙን የካደ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ በማይታወቅ ቋንቋ ግድግዳ ሲጭር የኖረ። ስም ስለሌለው የሰው ስም ይሰርቃል። «አንድ በአንድ ገብታችሁ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ የወደደውን ይወስደዋል» አለች። ሰዎቹ በደስታ ተንጫጩ።

ገባን። ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ በሽቦ የተወጠረ። ጽሑፉ ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ነው፤ ጣት ይገባበታል። አንድ ሰው ምን ያህል ቀን ቢጭር እንደዚያ እንደሚጠልቅ ሳስብ ያስገባሁትን ጣት መልሼ አወጣሁ። እትዬ ሰርካዲስ ሰዎቹን ትተው ወደ ጥጉ ሄዱ፤ አልጋው ተደግፎበት የነበረው ቦታ ላይ የብረት እግሮቹ ዝገት አሁንም አለ። ጎንበስ አሉ። ቪዲዮው ያላሳየው ነው፤ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ተኝቶ የጻፈ ሰው የሚደርስበት ላይ፣ በደቃቁ አንድ ቃል ብቻ አለ።

«ነገርሻቸው?»

እኔም አነበብኩት። እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

ሰዎቹ በየተራ ስማቸውን ይጠራሉ። አንዷ እየሳቀች፣ አንዱ እያጓራ፤ አንድ ጺማም ሰው ያንን የመንፈስ መለኪያ ይዞ ለእያንዳንዱ ይደቅናል፤ መብራቷ አረንጓዴ እንደሆነች አለች። ተራዬ ሲደርስ ጣሰው አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ የእትዬ ተራ ደረሰ።

«ሰርካዲስ» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ሰርኬ» አሉ።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ሃያ ሁለት ዓመት በቡዝ መስኮት የተማሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ቀጥተኛ ነው፣ ማጌጥ አያውቅም።

«ይህ ቋንቋ ይታወቃል። የእኔ ቋንቋ ነው። ‹አንድርያስ ነኝ፣ ሰርኬን ጠይቋት› ይላል። ሰርኬ እኔ ነኝ። ይህ ሰው ወንድሜ ነው። ስም ነበረው። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንድርያስ» ብለው አንድ ጊዜ ደገሙት፤ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ሰው እንደሚጠራ።

የጺማሙ ሰው መሣሪያ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዘለለ። ያየሁትን ነው የምናገረው፤ ከማን ስልክ ይሁን ከምን አላውቅም። አንዲት ሴት ጮኸች።

ከዚያ አጨበጨቡ።

ሁሉም አጨበጨቡ። አንዱ በፉጨት አጀበ። ነርሷ ግራ እንደተጋባች እሷም አጨበጨበች፤ ወደ እትዬ ጠጋ ብላ «ማኔጅመንቱ ነው የላከዎት? ማንም አልነገረኝም እኮ፤ አስደናቂ ነበር» አለቻቸው። አንዱን አንገቱን ባንቀው ደስታዬ ነበር። እትዬ ግን ነጠላቸውን እንደያዙ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ሲያልቅ ከክፍሉ ወጡ።

መኪና ውስጥ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አጨበጨቡልኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የጠበቅሁት እስር ነበር።»

ማክሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅደው ሁለቱን ብሎክ በእግራቸው ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። የመዝገብ ቤቷ ሴት ፀጉሯ የነጣ፣ ደግ ፊት ያላት ናት፤ በቡዙ መስኮት ለዓመታት ሰላም ስትላቸው ኖራለች፤ እዚያ ስታያቸው ደስ አላት። ፎርሙን ሰጠቻቸው። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እህት ብለው ጻፉ።

ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን ነካካች። አንድርያስ የሚባል የለም አለች። አምሳሉ ደስታ በሚለው ፈልጊው አሏት። አገኘችው።

«እሱ አለ። ግን እህት የለውም ይላል። ዘመድ የለውም። ዶክመንት ይዘዋል?»

«የለኝም። አምሳሉ ስሙ አይደለም። የሌላ ሰው ስም ነው። እሱ አንድርያስ ነው።»

ያኔ የሴትዮዋ ድምፅ ተለወጠ። ዝቅ አለ፣ ለሰለሰ፣ ቀስ አለ። ከዚያ ቀን በፊት ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን አወቅሁት። መኪናው ውስጥ እትዬ የነገሩኝ የሐኪሙ ድምፅ ነው።

«ገባኝ» አለች ሴትዮዋ። «ማዳም፣ ዛሬ ብቻዎን ነው የመጡት? አብሮዎ የሆነ ሰው አለ?»

እትዬ ሰርካዲስም ሰሙት። ካወቅኋቸው ጀምሮ እንደዚያ ሲያንሱ አይቻቸው አላውቅም። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ስሜ ይህ ነው ሲል የሚያምነው ያጣውን ወንድማቸውን ሆኑ።

ሴትዮዋ በመስታወቱ አልፋ እኔን አየች። «ሰር፣ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። አንድ ሌላ ወረቀት አወጣች። ዶክመንት ከሌለ የምስክር ቃል እንቀበላለን፣ ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሐሰት ቢሆን በሕግ እጠየቃለሁ ብሎ ሳይን ማድረግ ነው አለችኝ። የመንግሥት ማኅተሙ ከወረቀቱ አናት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ሐምራዊት ትዝ አለችኝ። የተዋስኩት ሱፍ ትዝ አለኝ። የእኔን ፋይል እዚያው ሕንፃ ውስጥ አንድ ሰው ሲከፍተው ታየኝ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደርቋል።

«ጣሰው፣ ያንተም ፔፐር አለ» አሉኝ በአማርኛ። «ተወው ልጄ። አልፈርድብህም። እኔ ራሴ…» አልጨረሱትም።

ንገራት ቢሉኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ተወው ማለታቸው ነው የቆረጠኝ። ያቺ ጠባብ ክፍል፣ ከወለሉ በላይ በደቃቁ የተጻፈችው ጥያቄ ፊቴ መጣች። ግሪን ካርዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ በመስታወቱ ሥር አሳለፍኩ።

ሴትዮዋ ካርዱን አገላብጣ አየችው። ብዕሯን አነሳች።

«እሺ፣ ሚስተር ወልደየሱስ። ወንድማቸው መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ጠየቅኋቸው» አልኳት።